የፍርድ ቤት መጥሪያና ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ «ደርሷል» የሚባለው መቼ ነው? በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ክርክሩ ፍሬ ነገር ከመናገራቸው በፊት የሚያነሡት ስለ አንዲት ወረቀት ነው። አንዱ «ወረቀቱ እጄ ሳይገባ እንዴት ይፈረድብኛል?» ይላል፤ ሌላው «ሦስት ጊዜ ሄጄ ሰውየውን አጣሁት፤ መዝገቤ ለምን ተዘጋ?» ይላል። ሁለቱም የሚጠይቁት ስለ መጥሪያ አደራረስ ነው። ጉዳዩ ተራ ተላላኪነት መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው አይጨነቅበትም፤ እኔ ግን በቂ ማስረጃ የያዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ዓመታት ሲያጡ፣ ዕዳ የሌለባቸው ሰዎችም ቤታቸው ለሐራጅ ሲቀርብ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በድሬዳዋ በየዕለቱ ከሚያጋጥሙኝ ጥያቄዎች የተወሰዱ ናቸው።

መጥሪያ ማለት ምን ማለት ነው? ከምን ጋር አብሮ መድረስ አለበት?

መጥሪያ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በተወሰነ ቀንና ሰዓት መልሱን ይዞ እንዲቀርብ የሚያዝበት ጽሑፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 233 እንደሚያዘው፣ መጥሪያው ከክሱ ማመልከቻ ጋር ለተከሳሹ ይደርሳል፤ ተከሳሹ ባይቀርብ ወይም መከላከያ መልሱን ሳይዝ ቢቀርብ ክርክሩ እንደሚቀጥልም በመጥሪያው ላይ ይገለጽለታል። እንግዲህ ባዶ መጥሪያ ሰጥቶ የክሱንና የማስረጃዎቹን ግልባጭ ማስቀረት የተሟላ አደራረስ አይደለም፤ ሰውየው መጠራቱን እንጂ ለምን እንደተጠራ አላወቀምና። የአደራረሱ ዝርዝር ደንቦች በዚሁ ሕግ ከቁጥር 94 ጀምሮ ተደንግገዋል።

የሁሉም ደንቦች መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሰው የተከሰሰበትን ነገር ማወቅ አለበት፣ አውቆም ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ማግኘት አለበት። ከዚህ በኋላ የምዘረዝራቸውን ሥርዓቶች ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል፤ ዳኛውም መዝገቡን ሲያገላብጥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በድሬዳዋ መጥሪያ የሚያወጡት የትኞቹ ፍርድ ቤቶች ናቸው?

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በከተማዋ ያስችላሉ። ከዚህ ሌላ በቻርተሩ አዋጅ ቁጥር 416/1996 መሠረት የተቋቋሙ የአስተዳደሩ ከተማ ነክ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። መጥሪያ ሲደርስዎ በመጀመሪያ ራስጌው ላይ ያለውን የፍርድ ቤቱን ስም፣ ችሎቱንና የመዝገብ ቁጥሩን ይመልከቱ። የከተማ ነክ ፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ፌዴራል ፍርድ ቤት በር ላይ ሲጠብቅ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ገጥሞኛል።

መጥሪያውን የማድረስ ኃላፊነት የማን ነው?

ብዙ ከሳሾች ክሱን አስገብተው የዳኝነት ክፍያ ከከፈሉ በኋላ የቀረውን ፍርድ ቤቱ ይሠራዋል ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ስሕተት ነው። በአብዛኛው መዝገብ ላይ መጥሪያውን ከሬጅስትራር (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) ተቀብሎ ለተከሳሹ እንዲደርስ የሚያደርገው ከሳሹ ራሱ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በሠራተኛው፣ በፖሊስ ወይም በሌላ ሰው እንዲደርስ ሊያዝም ይችላል። ከሳሹ በቀጠሮው ቀን የማድረሱን ማስረጃ ይዞ መቅረብ አለበት። ማስረጃው ተከሳሹ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖረበት የመጥሪያው ቀሪ ነው፤ ፊርማ ካልተገኘ ደግሞ መጥሪያውን ያደረሰው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል።

ይህን ሥራ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 70 የሚለው ግልጽ ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠና ተከሳሹ ከቀረ ጉዳዩ እሱ በሌለበት ይታያል፤ መድረሱ ካልተረጋገጠ ሌላ መጥሪያ ይወጣል፤ ደርሶ ግን ለመዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ካልነበረ ቀጠሮው ይለወጣል፤ መጥሪያው ያልደረሰው ወይም የዘገየው በከሳሹ ጉድለት ከሆነ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት የደረሰ መጥሪያ ለከሳሹ ድል መስሎ ይታየዋል፤ ትርፉ ግን አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ብቻ ነው።

ተከሳሹን ቤቱ ሄጄ ባጣው ለሚስቱ፣ ለልጁ ወይም ለጥበቃው ብሰጥ ይሆናል?

መሠረታዊው ሥርዓት መጥሪያውን ለተከሳሹ በራሱ እጅ መስጠት ነው። መጥሪያ እንዲቀበልለት ውክልና የሰጠው ሰው ካለ ለዚያ ወኪል መስጠት ለራሱ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ተከሳሾቹ ብዙ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው መድረስ አለበት፤ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ብቻ ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው አይበቃም።

ተከሳሹን ማግኘት ካልተቻለና ወኪልም ከሌለው፣ አብሮት ለሚኖር ለአካለ መጠን ለደረሰ የቤተሰብ አባል መስጠት ይቻላል። እዚህ ላይ ሦስቱም ቃላት ክብደት አላቸው። «አብሮት የሚኖር» ሲባል ለበዓል ወይም ለሠርግ የመጣ ዘመድ አይደለም፤ «ለአካለ መጠን የደረሰ» ሲባል ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነው፤ «የቤተሰብ አባል» ሲባል ደግሞ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ የቤት ሠራተኛዋ ወይም ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየው ሰው አይደለም። ለእነዚህ የተሰጠ መጥሪያ ተከሳሹ እጅ ገብቶ እንኳ ቢሆን ክርክር ያስነሣል፤ ፍርድ ካገኙ በኋላ ክርክሩ ከተነሣ ደግሞ ጉዳቱ የእርስዎ ነው። ለቤተሰብ አባል ሲሰጡ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ ከተከሳሹ ጋር ያለውን ዝምድናና ቀኑን በቀሪው ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ። «ተቀብያለሁ» ከሚል ቃል ሥር ያለች ስም የሌላት ፊርማ ብዙ ጊዜ ማንንም አታሳምንም።

አልቀበልም፣ አልፈርምም ካለስ?

በከተማችን ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ «ካልፈረምኩ አልደረሰኝም» የሚል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ መጋላ አካባቢ አንድ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ መጥሪያ ቀርቦለት ያደረገውን አስታውሳለሁ። ወረቀቱን ተቀበለ፤ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ገጹን ገልጦ የክሱን ገንዘብ መጠን ሁሉ ተመለከተ፤ ከዚያ አጥፎ ወደ አድራሹ ደረት መለሰና «አልፈርምም፤ ሂድና ለዳኛው ንገረው» አለው። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ሕጉ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ አሟልቶ ነበር፤ መከሰሱን ዐውቋል፣ በምን እንደተከሰሰም ዐውቋል። የቀረው ነገር አድራሹ ይህን በሥርዓቱ መመዝገቡ ብቻ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አድራሹ መጨቃጨቅ አይጠበቅበትም። እምቢታው ክርክሩን እንደማያስቆም ለሰውየው ይንገረው፤ በቦታው ያሉ ሁለት ሰዎች እንዲመሰክሩ ይጠይቅ፤ ግልባጩን እዚያው ትቶ ወይም ቤቱ በር ላይ ለጥፎ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩንና የምስክሮቹን ስም ይጻፍ፤ ከዚያም ለፍርድ ቤቱ በቃለ መሐላ ያቅርብ። ቃለ መሐላው ዝርዝር በሆነ ቁጥር ይጠነክራል። «እምቢ አለኝ» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ «በዚህ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በዚህ ቀበሌ፣ ሱቁ በር ላይ፣ እነዚህ ሰዎች እያዩ አንብቦ መለሰልኝ» የሚለው ዳኛውን ያሳምናል።

መጥሪያ ለቀረበላቸው ሰዎች ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ፊርማዎ ዕዳ አምኖ መቀበል አይደለም። የፈረሙት ወረቀቱ እንደደረሰዎ ብቻ ነው። ሲፈርሙ የተቀበሉበትን ትክክለኛ ቀን ራስዎ ይጻፉ፤ ይህ በቂ ጊዜ አላገኘሁም ብሎ ለመከራከርም ይጠቅምዎታል። የማይፈርም ሰው የሚያጣው ይህንን መብት ነው፤ ቀኑን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ይሆናልና።

ኩባንያን ወይም ድርጅትን ስከስ መጥሪያው ለማን ይሰጣል?

የንግድ ማኅበር በሕግ የተለየ ሰውነት ያለው ስለሆነ መጥሪያው የሚሰጠው ማኅበሩን ለመወከል ሥልጣን ላለው ሰው ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ለሥራ አስኪያጁ፣ አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ወይም ውክልና ላለው የሕግ ክፍል ኃላፊ። በሥራ ላይ የሚታየው የተለመደው መንገድ መጥሪያውን በዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ በቀሪው ላይ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባዩን ስም ማስጻፍ ነው። ማኅተም ያለበት ቀሪ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በር ላይ ላለ ጥበቃ ወይም ለአንድ ባለአክሲዮን የተሰጠ ግን ማኅበሩ «አልደረሰኝም» ለማለት ምክንያት ይሰጠዋል፤ ባለአክሲዮን ማኅበሩን አይወክልም።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ በድሬዳዋ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅትስ? ክሱ የተነሣው እዚህ ካለው ሥራ ከሆነ፣ ሥራውን እዚህ የሚመራው ኃላፊ ሊቀበል ይችላል የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የቅርንጫፍ ኃላፊው «ሥልጣን የለኝም» እያለ ቀጠሮ እንዳያልፍ ለዋናው መሥሪያ ቤትም እንዲላክ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እመርጣለሁ።

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያመጣው ግን የስም ጉዳይ ነው። በታይዋን ገበያ ወይም በከዚራ ስንዘዋወር በሱቆች ላይ የምናያቸው ስሞች ብዙ ጊዜ የንግድ ስሞች እንጂ የማኅበራት ስሞች አይደሉም። ታፔላው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ በተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ላይ ያለው ደግሞ የአንድ ግለሰብ ስም ሊሆን ይችላል። በታፔላው ስም የወጣ መጥሪያ ለማን ይሰጣል? የሚጠራው ሰው በሕግ ዓይን የለም። ስለዚህ ክስ ከመጻፍዎ በፊት ከንግድ ምዝገባ ክፍል የነጋዴውን ወይም የማኅበሩን ትክክለኛ ስም፣ የሥራ አስኪያጁን ማንነትና የተመዘገበውን አድራሻ ያረጋግጡ። ለነጋዴዎችም የምለው አለኝ፦ አድራሻ ሲለውጡ ምዝገባውን ያስለውጡ፤ በመዝገብ ላይ ባለው የድሮ አድራሻ ማስታወቂያ ደርሶ ጊዜ ቢያልፍብዎ፣ ለውጡን ሳያስመዘግቡ «እዚያ አልነበርኩም» የሚለው መከራከሪያ ይዳከማል።

አድራሻው የማይታወቅ ሰው በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል?

ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መንገድ ሳይሆን የመጨረሻው ነው። በመደበኛው መንገድ ማድረስ እንዳልተቻለ ወይም ተከሳሹ ሆን ብሎ እንደሚሸሽ ፍርድ ቤቱ ሲያምንበት ምትክ አደራረስ ያዛል፤ ይህም በፍርድ ቤቱ ሰሌዳና ተከሳሹ በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቤት ላይ መለጠፍ ወይም በጋዜጣ ማውጣት ሊሆን ይችላል። የጋዜጣ ጥሪ በተለምዶ የሚወጣው በአዲስ ዘመን ነው፤ ወጪውን በመጀመሪያ የሚሸፍነው ከሳሹ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ፍርዶች የሚፈርሱት በዚህ ነጥብ ነው። ከሳሹ በማመልከቻው ላይ «አድራሻው አይታወቅም» ብሎ ይጽፋል፤ በቃለ መሐላም ይደግፈዋል፤ ጥሪው ይወጣል፤ ተከሳሹ ይቀራል፤ ፍርዱ ይሰጣል። ከዚያ አፈጻጸም ሲመጣ ይኸው ከሳሽ የተከሳሹን ቤት ቁጥር ሳይቀር ጽፎ ንብረቱ እንዲሸጥ ይጠይቃል። ክስ ሲመሠርት ያልታወቀው አድራሻ ፍርድ ሲያስፈጽም ከየት መጣ? እንዲህ ያለ መዝገብ ያየ ዳኛ የጋዜጣ ጥሪው ያለ አግባብ እንደተደረገ ለመቀበል አይከብደውም። እንግዲህ ወደ ጋዜጣ ከመሄድዎ በፊት ያደረጉትን ፍለጋ በማስረጃ ይያዙ፦ የቀበሌው አስተዳደር «በዚህ አድራሻ አይገኝም» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ፣ የቀድሞ ጎረቤቶች ቃል፣ ሄደው ያጡባቸው ቀናት ዝርዝር። በድሬዳዋ ሰው ከገንደ ቆሬ ወደ ሳቢያን ወይም ከሳቢያን ወደ ከዚራ ቢዛወር የሚያውቅ ዘመድ ወይም የዕድር ጓደኛ አይጠፋም፤ ዳኞቹም የከተማዋን ነገር ስለሚያውቁ «ጠይቄ አጣሁ» የሚለውን በቀላሉ አይቀበሉም።

በቤት ላይ ሲለጠፍም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሬዳዋ ፀሐይና ነፋስ በብረት በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ሳምንት አያቆዩም። የለጠፈው ሰው ቀኑና የቤቱ ቁጥር የሚታይበት ፎቶግራፍ ቢያነሣና ከቃለ መሐላው ጋር ቢያያይዘው ከብዙ ክርክር ይድናል።

ተከሳሹ ሐረር፣ ሌላ ክልል ወይም ማረሚያ ቤት ቢሆንስ?

ሐረር ከእኛ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ብትሆንም የሐረሪ ክልል የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። የድሬዳዋው ፍርድ ቤት መጥሪያውን በዚያ ባለው ፍርድ ቤት በኩል እንዲደርስ ሊልክ ይችላል፤ ከሳሹ ራሱ ሄዶ እንዲያደርስም ሊፈቅድለት ይችላል። ታሳሪ ከሆነ መጥሪያው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ይደርሰዋል፤ ለቀጠሮው የሚያቀርብ ትእዛዝም አብሮ መጠየቅ አለበት፤ መጥሪያው ደርሶት አጃቢ በማጣቱ የቀረ ሰው «ቀረ» ሊባል አይገባውምና።

በስልክ ነግሬዋለሁ፤ መጥሪያውንም ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ይበቃል?

ፍርድ ቤቱ በዚያ መንገድ እንዲደርስ ካላዘዘ አይበቃም። ተከሳሹ መልእክቱን ማንበቡን የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶች ለእርስዎ በቂ ቢመስሉዎትም ስልኩ የማን እንደሆነና ማን እንዳነበበው መረጋገጥ አለበት። መልእክቱን ለተጨማሪ ማሳወቂያነት ይላኩ፤ ወረቀቱን ግን በሥርዓቱ ያድርሱ። ሌላ መንገድ ካጡ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርስ ፍርድ ቤቱን በማመልከቻ ይጠይቁ።

ሳላውቅ ተፈርዶብኛል። አሁን የሰማሁት በአፈጻጸም ነው። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የሰሙበትን ቀን ይጻፉ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ወይም ትእዛዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ እንዲነሣለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምክንያቶቹም ሁለት ናቸው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ወይም ደርሶኝ ከዐቅም በላይ በሆነ በቂ ምክንያት መቅረብ አልቻልኩም። ወሩ የሚቆጠረው ከሰሙበት ቀን እንጂ ጠበቃ ካገኙበት ቀን አይደለም። «እስቲ ከሽማግሌ ጋር እንነጋገር» ሲባል ሃያ ቀን እንደሚያልፍ አይጠራጠሩ፤ ሽምግልናውም ማመልከቻውም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

ሁለተኛው ሥራ መዝገቡን ማየት ነው። መዝገብ ቤት ሄደው የመዝገቡን ግልባጭ ያውጡ፤ መጀመሪያ የሚፈልጉትም ፍርዱን ሳይሆን የተመለሰውን የመጥሪያ ቀሪ ነው። ማን ፈረመ? መቼ? በየት? ቃለ መሐላ ካለ ማን ማለ፣ ምንስ ብሎ? ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ያገኘው ቀሪ መጥሪያው ሳቢያን ባለ ቤቱ በር ላይ እንደተለጠፈ ይናገር ነበር። ደንበኛዬ ግን ያንን ቤት ለቆ ገንደ ቆሬ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የአዲሱን ቤት የኪራይ ውል፣ የቀበሌውን ደብዳቤና በቀድሞው ቤት የሚኖሩትን ሰዎች ቃል አያይዘን አመለከትን፤ ፍርዱ ተነሥቶ መልስ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። ያንን ያስገኘው ሰውየው መጮኹ አልነበረም፤ ከተለጠፈበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ቀኑ የሚቀድም አንድ የኪራይ ውል ነበር።

ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ ፍርድ ቤቱም ለፈረደለት ወገን ሳያሳውቅ ፍርዱን አያነሣም። ሲያነሣም ወጪና ኪሣራ እንዲከፈል ወይም ሌላ ሁኔታ እንዲሟላ ሊያዝ ይችላል። ንብረቱ ለሐራጅ ከቀረበ ከማመልከቻው ጋር የአፈጻጸም እግድ መጠየቅን አይዘንጉ፤ እግድ ሳይጠየቅ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ፍርዱ ቢነሣ መመለሱ ሌላ ረጅም ክርክር ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኝ ባልሄድ ሥልጣኑን አልተቀበልኩም ማለት አይደለም?

በድሬዳዋ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ መልሱም ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ማየት የሚችሉት ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ወገን በፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደተስማማ ይቆጥረዋል፤ ጉዳዩም እሱ በሌለበት ይታያል። በዚያ ፍርድ ቤት መዳኘት የማይፈልግ ሰው መብቱ ሙሉ ነው፤ መብቱን የሚጠቀምበት ግን በቀጠሮው ቀን ቀርቦ «አልተስማማሁም» በማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። በፍቺና በውርስ ጉዳዮች ላይ በተለይ ሴቶች ይህን ባለማወቅ ሲጎዱ ስላየሁ፣ መጥሪያ በእጃቸው የገባ እናቶችና እኅቶች ሁሉ ይህን አንድ ነጥብ እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

ከፍርድ ቤት ውጭ የሚመጡ ማስጠንቀቂያዎችስ? ከአሠሪ፣ ከባንክ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት?

እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። አሠሪ የሥራ ውል የሚያቋርጥበት ማስጠንቀቂያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት፤ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል፤ ሠራተኛውን ማግኘት ካልተቻለ ወይም አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ስለሚታገድ፣ ደብዳቤውን ባለመቀበል ቀን ለማራዘም መሞከር ሠራተኛውን ራሱን ይጎዳል።

ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የሚሸጠው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ሲሆን፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ መስጠት አለበት። መያዣ የሰጠው ሰው ከተበዳሪው የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ አባት ቤቱን ለልጁ ብድር ካስያዘ፣ አባትየው በብድር ውሉ ላይ የራሱ አድራሻ በትክክል መጻፉን ያረጋግጥ።

በግብር በኩል የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ማስታወቂያ በእጅ መስጠትን፣ ተቀባይ ከጠፋ በንግድ ቦታው ወይም በመኖሪያው በር ላይ መለጠፍን፣ በመጨረሻ በታወቀ አድራሻ በአደራ ደብዳቤ መላክንና የኤሌክትሮኒክ መንገድን ይፈቅዳል፤ እነዚህ ካልሠሩ በጋዜጣ ይወጣል። የግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ሱቅዎን ዘግተው አገር ቤት ሲሄዱ በሩን የሚያይልዎ ሰው ይተዉ።

ተበዳሪዬ ውሉን አልፈጸመም። ክስ ከመመሥረቴ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ?

በአብዛኛው አዎን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመከራከር ባለዕዳውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ማስጠንቀቂያውም ዕዳው ከሚከፈልበት ጊዜ በፊት ሊሰጥ አይችልም። በቁጥር 1775 ከተዘረዘሩት ማስጠንቀቂያ ከማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች መካከል ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅና ቀኑ ሲደርስ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ እንዲቆጠር በውሉ ሲስማሙ ይገኙበታል።

አጻጻፉ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ የትኛው ውል፣ የትኛው ግዴታ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ። ስድብና ዛቻ አያስገቡ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ ያስፈርሙ፤ ካልፈረመ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ከደብዳቤው ቅጂ ጋር ስቴፕል አድርገው ያስቀምጡ። ደብዳቤ ሳይኖር የቀረ የፖስታ ደረሰኝ ምን እንደተላከ አያስረዳም። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ውሉን ሲጽፉ «ለዚህ ውል የሚላክ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው በዚህ አድራሻ ነው፤ አድራሻ የለወጠ ወገን በጽሑፍ ያሳውቃል» የሚል አንድ አንቀጽ ማስገባት ነው።

ዛሬ መጥሪያ ደረሰኝ። ከየት ልጀምር?

የተቀበሉበትን ቀን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፉ። የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት፣ መልስ የሚቀርብበትን ቀን ይለዩ፤ መልስ የሚቀርብበት ቀን ክርክሩ ከሚሰማበት ቀን በፊት ሊሆን ይችላል። የተያያዙት ገጾች መሟላታቸውን በማስረጃ ዝርዝሩ ያመሳክሩ፤ የጎደለ ካለ በዚያው ሳምንት ለሬጅስትራር ያመልክቱ። መጥሪያው ስምዎን አሳስቶ ቢጽፍም ወይም ጉዳዩ እርስዎን የማይመለከት ቢመስልም ይቅረቡና ይህንኑ ይናገሩ። ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፎ እርስዎ የሚያነቡት በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ከሆነ የሚያምኑት ሰው ሙሉውን እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ በችሎትም አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት።